በትከሻ ጅማት ውስጥ የተጠራቀመ ካልሲየም በመርፌ ሲታጠብ፦ ታካሚው ሊያደርገው የሚገባ ዝግጅት

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከመንዝ እስከ ደብረ ብርሃን፣ እንቅልፍ የሚነሳ የትከሻ ሕመም ሲመጣ ብዙዎቻችን «ብርድ መታኝ» ብለን ወደ ወጌሻ እንሄዳለን። ሕመሙ ግን ክንድን በሚያነሣው ጅማት ውስጥ ከተጠራቀመ ካልሲየም ሊመጣ ስለሚችል፣ ከመታሸት በፊት ራጅ መነሣት ይገባል። ችግሩ ይበልጥ የሚታየው ከ30 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎች፣ በተለይም በሴቶች ላይ ነው፤ ወተትና አይብ የሚያመጡት ስላልሆነ እነርሱን መተው አይጠቅምም።

ክምችቱ ብዙ ጊዜ በራሱ ስለሚሟሟ በቅድሚያ የሚሰጠው ማስታገሻና ፊዚዮቴራፒ ነው። ለወራት ተሞክሮ ካልተሻለ ክምችቱን በመርፌ ማጠብ ይቻላል፤ መርፌው በአልትራሳውንድ እየታየ የሚገባ መሆኑን ሐኪሙን ይጠይቁ፤ በአቅራቢያዎ የማይሠራ ከሆነም ሪፈር ያጽፉ። በግምት ከመወጋት ቀጠሮ መጠበቅ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ፣ ስኳር ያለብዎት ወይም ማደንዘዣ የማይስማማዎት ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ መድኃኒትዎን ግን ሐኪም ሳያዝዝ አያቋርጡ። የሚደነዝዘው ትከሻው ብቻ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምግብ መተው አያስፈልግም። ለደጋው ብርድ ደርበው ሲለብሱም ከፊት የሚከፈት ሹራብ ይምረጡ።

ትከሻው ከጸዳና በሊዶኬይን ከደነዘዘ በኋላ መርፌው ክምችቱ ውስጥ ይገባል። ሐኪሙ ንጹሕ የጨው ውሃ በስሪንጅ ገፋ አድርጎ አውራ ጣቱን ሲያላላ፣ ውሃው የተበጠበጠ ኖራ መስሎ ይመለሳል፤ ነጩ ደለልም በስሪንጁ ውስጥ ይዘቅጣል። ይህ ውሃው እስኪጠራ ይደጋገማል። ክምችቱ ጠጣር ሆኖ ጥቂት ብቻ ቢወጣም አይዘኑ፤ መወጋቱ ራሱ ሰውነት የቀረውን እንዲያሟሟ ሊያግዝ ይችላል። በመጨረሻ በጅማቱ አጠገብ ስቴሮይድ የተባለ ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት ይሰጣል፤ ይህ ስኳርን ለቀናት ከፍ ስለሚያደርግ የስኳር ታካሚ አዘውትሮ ይለካ። ሥራው ባብዛኛው ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።

ማደንዘዣው ሲለቅ ሕመሙ ለአንድ ሁለት ቀን ሊብስ ይችላልና በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ይያዙበት፤ ክንዱን በቀስታ ያንቀሳቅሱ እንጂ አስረው አያስቀምጡት። ውሃ የሞላ ጀሪካንና የእህል ጆንያ ማንሣት ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ለሌላ ሰው ይተዉ። ከሁለት ወይም ሦስት ወር በኋላ ሕመሙ ለጊዜው ቢመለስ ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም። ትኩሳት ከመጣ ወይም የተወጋው ቦታ ቀልቶና አብጦ ከጋለ ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ይሂዱ።