ተገጣጣሚ ሶፋ እንዴት ይታዘዛል፣ እንዴትስ ይገጠማል

ተገጣጣሚ ሶፋ ስገዛ ሻጩ “እንዳሻህ ትቀያይረዋለህ” አለኝ። አልዋሸም። ግን መጀመሪያ በትክክል ማዘዝ ያስፈልጋል። እኔ የተሳሳትኩት እዚያው ላይ ነው።

ይህን ዓይነት ሶፋ ዝነኛ ካደረጉት አንዱ ጣሊያናዊው አርክቴክት ማሪዮ ቤሊኒ ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. ካማሌዮንዳ የተባለውን ሶፋ አወጣ። ስሙ እስስትና ማዕበል ከሚሉ ሁለት የጣሊያንኛ ቃላት የተሰፋ ነው። መቀመጫው 90 በ90 ሴንቲሜትር የሆነ ካሬ ነው። የጀርባና የክንድ መደገፊያዎቹ በገመድ፣ በመንጠቆና በቀለበት ይታሰራሉ። ሲያሰኛችሁ ፈትታችሁ በሌላው ጎን ታስሯቸዋላችሁ። በ2020 እንደገና መመረት ጀምሯል። የሚያስቀናኝ ግን ዝናው አይደለም፤ ግራና ቀኝ የሚባል ጣጣ የሌለበት መሆኑ ነው። ዛሬ የምንገዛቸው አብዛኞቹ ተገጣጣሚ ሶፋዎች የክንድ መደገፊያቸው ከመቀመጫው ጋር ተጣብቆ ነው የሚመጣው። ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው።

መጀመሪያ ለኩ። ክፍሉን ብቻ ሳይሆን በሩን፣ ኮሪደሩን፣ የደረጃውን መታጠፊያ። “ተቆራርጦ ስለሚመጣ በየትም ይገባል” አትበሉ። 90 በ90 የሆነ ቁራጭ 80 ሴንቲሜትር በር ላይ ቀጥ ብሎ አይገባም። ቁመቱ 65 ከሆነ ግን በጎኑ አቁማችሁት ያልፋል። ካርቶኑም ጥቂት ሴንቲሜትር እንደሚጨምር አስቡ።

ከዚያ ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ስኮች ሶፋውን ወለሉ ላይ ሣሉት። የኮምፒውተር ሥዕል ያሳምራል እንጂ እውነቱን አይነግራችሁም፤ እኔ በወለሉ ነው የማምነው። ሦስት መቀመጫ በ90 ሲሰላ 2 ሜትር ከ70 ነው። ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ወለሉ ላይ ሲሰመር ግን ያስደነግጣል። ሰው ለሚያልፍበት ቦታ 80 ሴንቲሜትር ያህል፣ በሶፋውና በጠረጴዛው መካከል ደግሞ 40 ያህል ተዉ። ስኮቹ ሁለት ሌሊት ይደር። በጨለማ ተነስታችሁ ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሄዱ መስመሩን ከረገጣችሁ፣ ሶፋው ሲመጣ ጣታችሁን ትመታላችሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ግራና ቀኝ።

ካታሎጉ “የግራ ክንድ” ሲል የማን ግራ ነው? ብዙ አምራቾች ከሶፋው ፊት ለፊት ቆሞ ለሚያየው ሰው ግራ የሆነውን ይላሉ። ተቀምጦ ለሚያየው የሚሉም አሉ። ሁለቱ ፍጹም ተቃራኒ ናቸው። እኔ ሶፋው ላይ እንደተቀመጥኩ አድርጌ አሰብኩ፤ ፋብሪካው ቆሞ ነበር ያሰበው። እግር መዘርጊያ ያለውን ቁራጭ አምጥተው ሲያስቀምጡት ክንዱ ጥግ መያዙ ቀርቶ መሃል ላይ ቆመ፤ ልክ እንደ አጥር። ልለውጥ ብል በትእዛዝ የተሠራ ስለሆነ አይመለስም ተባልኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ለወራት እንግዳ በመጣ ቁጥር ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ነው ያወራኝ።

ስለዚህ ቃሉን አትመኑ፤ ሣሉት። ሶፋውን ከላይ እንደሚታይ አድርጋችሁ ሣሉ። ግድግዳው የቱ ጋ እንደሆነ፣ ክንዱ የቱ ጋ እንደሚያርፍ ምልክት አድርጉ። ከሥር “ፊት ለፊት ቆሞ ሲታይ” ብላችሁ ጻፉ። ሻጩ ያንኑ ሥዕል ከትእዛዙ ጋር አያይዞ እንዲልክላችሁ ሳታደርጉ ክፍያ አትፈጽሙ። “ይገባኛል፣ ችግር የለም” የሚል ሻጭ ከሆነማ ሁለት ጊዜ ጠይቁት።

መግጠሙ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ካርቶኑን በምላጭ ጠልቃችሁ አትቅደዱ፤ ከሥሩ ያለው ጨርቅ ነው። ብርድ ልብስ አንጥፋችሁ ቁራጮቹን ገልብጡና እግሮቹን እሰሩ። ኤሌክትሪክ ካቻቢቴውን ለሌላ ቀን አቆዩት። ብሎኑ ጠማማ ሆኖ ከገባ የእንጨቱ ውስጥ ጥርስ ይበላል፤ በእጅ ስታዞሩት ግን መጥመሙ ወዲያው ይሰማችኋል።

ማያያዣው ብዙውን ጊዜ በአንዱ ጎን መንጠቆ፣ በሌላው ተቀባይ ብረት ነው። ሰዎች ሁለቱን ቁራጮች በጉልበት ያጋፏቸዋል። እንደዚያ ብረቱ ይጣመማል። አንዱን ቁራጭ በሁለት ሰው ከፍ አድርጋችሁ፣ ከጎረቤቱ ጋር አስተካክላችሁ፣ ከላይ ወደ ታች ልቀቁት። በትክክል ሲገባ “ቀጭ” ይላል። በብሎን የሚያያዝ ዓይነት ከሆነ፣ ሁሉም ቁራጭ ቦታውን ሳይዝ አንዱንም እስከ መጨረሻው አታጥብቁ። ከላይ ክፍተት፣ ከታች ግጥም ካለ ጥፋቱ የሶፋው ላይሆን ይችላል፤ ወለሉ ነው። እግሩ የሚዞር ከሆነ ትንሽ አውጡት፤ ካልሆነ ወፍራም ካርቶን ቆርጣችሁ ከሥሩ አድርጉ።

ለማንቀሳቀስ ስትፈልጉ መጀመሪያ አላቅቁ። የተያያዙ ሁለት ቁራጮችን አንድ ላይ ማንሳት ማያያዣውን ይገነጥላል።

በየሁለት ሦስት ወሩ ተመሳሳይ ቁራጮችን አቀያይሩ። ሁሉም ሰው የሚወዳት አንዲት ቦታ ትኖራለች፤ የእሷ ስፖንጅ ቀድሞ ይሰምጣል። መፍቻውንና የተረፉትን ብሎኖች በላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ከሶፋው ሥር በስኮች ለጥፉት። እኔ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው እስካሁን አላገኘሁትም።