የባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሲታደስ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

አዲስ አበባ ሰንጋ ተራ የበቀሉትን አዳዲስ ፎቆች ያየ የባንክ ኃላፊ ወደ ቆየው ሕንፃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚያምረው መስታወትና ግራናይት ነው። ገንዘብ የሚባክነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከግራናይቱ ሥር ባለው ነገር ነው።

በአሮጌ ወለል ላይ አዲስ መደረብ። ቴራዞ (ከጠጠርና ከሲሚንቶ የተሠራ የቆየ ወለል) ማንሳት አቧራና ጫጫታ ስላለው፣ ተቋራጩ በላዩ 5 ሴንቲ ሜትር ስክሪድ (የአሸዋና የሲሚንቶ ድልዳል) ሞልቶ ፖርስሊን ያነጥፋል። ስክሪዱ ብቻውን በካሬ ሜትር 115 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ፖርስሊኑና ማጣበቂያው ሲጨመሩ ወደ 145 ይጠጋል። የቢሮ ሶሌታ (ፎቁን የሚሸከመው ኮንክሪት) ሲነደፍ ለሰውና ለዕቃ የሚታሰበው በካሬ ሜትር 300 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። አንድ ወንበር ሳይገባ ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ሌላው ጣጣ ደረጃው ላይ ይመጣል፦ ወለሉ በየፎቁ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲልና ደረጃው ባለበት ሲቀር፣ 17 ሴንቲ ሜትር የነበረው የመጀመሪያው እርከን 11፣ የመጨረሻው ደግሞ 23 ይሆናል። ሰው የሚደናቀፈው እዚያ ነው። ቴራዞው ካልተሰነጠቀ በማሽን ማስሞረዱ ይሻላል፤ እውነቱን ለመናገር ከብዙ ፖርስሊን ያምራል።

የብድር ፋይልን እንደ ተራ ቢሮ ዕቃ ወደ ላይ ማውጣት። ለመዝገብ ቤት የሚታሰበው ጭነት በካሬ ሜትር 750 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ተንሸራታች መደርደሪያ ከሆነ ከዚያም ያልፋል። ቦታው መሬት ላይ ያረፈ ወለል ነው፤ ካዝናም እንደዚሁ። ላይ መሆን ካለበት የስትራክቸር መሐንዲሱ የሶሌታውን ውፍረትና ፌሮውን በመሣሪያ አይቶ በጽሑፍ ይፍቀድ። ክፍል መከፋፈያም በብሎኬት አይሁን፦ ባለ 15 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት በሁለት ፊት ተለስኖ 3 ሜትር ከፍ ሲል በአንድ ሜትር ርዝመት እስከ 900 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ጂፕሰም ቦርድ መቶ እንኳ አይሞላም።

ጀነሬተርን በሰሌዳው ላይ ባለው ቁጥር መግዛት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ማቀዝቀዣውም ይደክማሉ። ብዙ ዩፒኤስም (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) አቅሙ የተጻፈለት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው። አቅራቢው በዚህ ከፍታ የሚያወጣውን ኪሎ ዋት በጽሑፍ ይስጥ። ሌላ የሚረሳ ነገር፦ መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ሰርቨሩን ያቆየዋል፤ የክፍሉ ማቀዝቀዣ ግን ጀነሬተር ይጠብቃል። ጀነሬተሩ አልነሣ ካለ ክፍሉ በደቂቃዎች ይግላል፣ ሰርቨሩ ራሱን ያጠፋል፣ በየቅርንጫፉም «ሲስተም የለም» ይባላል። ባትሪዎቹን አየር በሌለው ቁም ሳጥን መዝጋትም ሌላ ጥፋት ነው፤ የሊድ አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል።

ሰርቨር ክፍልን ከመጸዳጃ ቤት ሥር ማድረግ። ኮርኒሱ ሲዘጋ ቧንቧው አይታይም፣ ይረሳል። ከመወሰንዎ በፊት የላይኛውን ፎቅ ፕላን ይዩ።

ሠራተኛ ባለበት ፎቅ ማፍረስ። የጂፕሰም ብናኝ በኮምፒውተር ማራገቢያ ይገባል፣ የጭስ ጠቋሚውንም ያስጮኻል። የተቋራጩ ሠራተኛ ጠቋሚውን በፕላስቲክ ይሸፍንና ረስቶት ይሄዳል፤ ርክክብ ላይ አንድ በአንድ ይቆጠር። የሚሻለው አንድ ፎቅ ባዶ አድርጎ በየተራ ማዛወር፣ መዶሻና ድሪል ያለበትን ሥራ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ማድረግ ነው። የገንዘብ ክፍሉ ካሜራ ለኬብል ሥራ ተብሎ ለአንድ ቀን እንኳ አይነቀል፤ አስቀድሞ ጊዜያዊ መስመር ይዘርጋለት።

ዕቃው ሳይመጣ ማፍረስ። አሳንሰር፣ ዋና የመብራት ቦርድና የእሳት ማንቂያ ፓኔል ከውጭ ይመጣሉ፤ የውጭ ምንዛሪው፣ ኤልሲው (ባንክ ለውጭ ሻጭ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና) እና የጅቡቲው ጉዞ ወራት ይበላሉ። ሁለት አሳንሰር ካለ፣ ሁለተኛው የሚነቀለው የመጀመሪያው ተተክቶ፣ ተፈትሾ ሰው መጫን ከጀመረ በኋላ ነው።