የጡንቻና የኃይል ማመጣጠንን በቤት ሲለማመዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአራት ኪሎ እስከ ለገሃር ባሉ ቢሮዎች ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሮ የሚውል ሰው አንገቱንና ትከሻውን ሲይዘው ቀድሞ የሚያስበው መታሸትን ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ማስታገሻን ነው። ከእነዚህ ጎን ለጎን፣ ጡንቻን በእጅ እየፈተሹ የሰውነትን ኃይል ማመጣጠን የሚባለው ልምምድ ራስን በራስ ለመርዳት ለሚፈልጉ ሰዎች አንድ አማራጭ ሆኖ ይቀርባል። የጡንቻ ፍተሻውን በዚህ መልክ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ጆርጅ ጉድሃርት የተባለ አሜሪካዊ ካይሮፕራክተር (አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጅ የሚያክም ባለሙያ) ሲሆን፣ በ1970ዎቹ «ታች ፎር ሄልዝ» (Touch for Health፣ «ለጤና መዳሰስ») በሚል ስም ማንኛውም ሰው በቤቱ እንዲለማመደው ቀለል ተደርጎ ተዘጋጅቷል። ጡንቻዎችን የሚያዛምደው በቻይና ባህላዊ ሕክምና የሰውነት ኃይል ይፈስባቸዋል ከሚባሉት የኃይል መስመሮች ጋር ነው። ድካምን ለማቅለልና ለገዛ ሰውነት ጊዜ ለመስጠት የሚጠቅም ልምምድ ስለሆነ፣ አጉል አጠቃቀም ጉዳት ሲያስከትል ማየት ያሳዝናል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የፍተሻውን ውጤት እንደ በሽታ ምርመራ መቁጠር ነው። በተለመደው አሠራር ተፈታሹ ክንዱን ወደ ፊት ይዘረጋል፣ ፈታሹም ከአንጓው ከፍ ብሎ ቀስ አድርጎ ወደ ታች ይጫነዋል፤ ክንዱ ከጸና ደኅና ነው፣ ከላላ ግን ችግር አለ ይባላል። አንዳንዶች ከዚህ አልፈው ስኳር፣ ወተት ወይም የመድኃኒት ብልቃጥ በሌላው እጅ እያስያዙ «ይስማማሃል»፣ «አይስማማሽም» እስከ ማለት ይደርሳሉ። ይሁንና ሰው የሚጠብቀው ነገር ሳያውቀው ጡንቻውን እንደሚያንቀሳቅሰው ዊልያም ካርፔንተር የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1852 ገልጾታል፤ ፈታሹም ተፈታሹም በብልቃጡ ውስጥ ያለውን ሳያውቁ በተደረጉ ሙከራዎችም ፍተሻው በዘፈቀደ ከመገመት የተሻለ ውጤት አላሳየም። ስለዚህ ክንድ ላላ ተብሎ ምግብን ከልጅ ማዕድ ማንሳት፣ ከዚያም በላይ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የኤችአይቪ ወይም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትን ማቋረጥ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም። የነቀርሳ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ለ6 ወራት የሚወሰድ ሲሆን፣ በመሀል ሲቋረጥ በሽታው መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል።

ሁለተኛው ስህተት ፍተሻውን የጉልበት መፈታተኛ ማድረግ ነው። ጫናው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚቆይና ለስላሳ መሆን አለበት፤ የትከሻ ሕመም ያለበትን ወይም በዕድሜ የገፋን ሰው በኃይል መጫን ጅማት ሊጎዳ ይችላል።

በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ ቆይቶ መለማመድም አይመከርም። ሰውነቱ ውኃ ያጣና የደከመ ሰው ክንዱ ቢላላ የሚያስገርም አይደለም፤ ይህን «የተዘጋ የኃይል መስመር» ብሎ መተርጎም ያሳስታል። ምግብ ከተቀመሰ፣ ውኃ ከተጠጣና ጥቂት ከታረፈ በኋላ ቢደረግ ይሻላል።

አራተኛው ስህተት ያመመውን ቦታ ሁሉ ማሸት ሲሆን፣ ይህ ለወጌሻ ሥራም የሚሠራ ማስጠንቀቂያ ነው። ከረጅም ጉዞ ወይም ለብዙ ቀን አልጋ ላይ ከመዋል በኋላ አንድ ባት ብቻውን ካበጠ፣ ከሞቀና ከቆረቆረ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል አይታሽም፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። አንገትንም በድንገት መጠምዘዝ ወደ አንጎል የሚሄዱትን የደም ሥሮች ሊጎዳ ይችላል። ግንባርን ከቅንድብ በላይ በጣት ጫፍ ለጥቂት ደቂቃ በዝግታ ነክቶ መተንፈስ፣ ወይም ቀኝ ክንድን ከግራ ጉልበት ጋር እያፈራረቁ ማንሳት ግን ለአብዛኛው ሰው አይጎዳም፤ መንፈስንም ያረጋጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው «እስኪ ጥቂት ላመጣጥነው» እያሉ ሐኪም ዘንድ መሄድን ማዘግየት ነው። በአገራችን የጀርባ ሕመም ከምሽት ትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ሲመጣ የአከርካሪ ነቀርሳ መሆኑ መጠርጠር ይኖርበታል፤ ሽንት መያዝ ካቃተ ወይም እግር ከደነዘዘ ደግሞ ያለመዘግየት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ፊት ድንገት ከተጣመመ፣ አንድ ጎን ከዛለ ወይም ንግግር ከተሳሰረ ጡንቻ መፈተሽ ሰዓት ማባከን ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

በመጨረሻም፣ ማታ የላላውን ትከሻ ነገ በዚያው አቀማመጥ መልሶ ማወጠር የተለመደ ነው። የኮምፒውተሩ ማያ ከዓይን ትክክል እንዲሆን ወፍራም መጽሐፍ ከሥሩ ማድረግና በየግማሽ ሰዓቱ ተነስቶ መንጠራራት ከልምምዱ እኩል ትኩረት ይፈልጋሉ። ሕመሙ ከሳምንታት በኋላም ካልቀነሰ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቢያየው ይሻላል፤ ልምምዱንም ጎን ለጎን መቀጠል ይቻላል፣ ነገር ግን ለባለሙያው ሳይደብቁ መናገር ያስፈልጋል።