ኪልትና ሱሉ ለቢሮ፦ ጉርድ የሚለብሱ ወንዶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በፊጂ ዋና ከተማ በሱቫ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ከረባትና ኮት የለበሰ፣ ከወገቡ በታች ግን በሱሪ ፋንታ ከጉልበቱ ዝቅ የሚል ግራጫ ጉርድ ያደረገና ሰንደል የተጫማ ወንድ ወደ ሥራ ሲሄድ ማየት የተለመደ ነው፤ ዞር ብሎ የሚያየውም የለም። ልብሱ ሱሉ ቫካታጋ ይባላል። በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤድንብራ ግን ኪልት፣ ማለትም የስኮትላንድ ወንዶች ባለሽንሽን ጉርድ፣ ከቢሮ ይልቅ በሠርግ፣ በበዓልና በራግቢ ጨዋታ ቀን ስለሚዘወተር፣ ለብሶት ሥራ የሚገባ ሰው በገዛ አገሩ ሳይቀር «ዛሬ የማን ሠርግ ነው?» ሊባል ይችላል። ሱሉ ቫካታጋ የታወቀ የአለባበስ ሥርዓት ያለው የሥራ ልብስ ሆኖ ቆይቷል፤ ኪልትን ለቢሮ የሚመርጥ ሰው ግን ያንን ሥርዓት አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ማበጀት አለበት፤ ስህተቱም የሚበዛው እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚዘወተረው ስህተት የሠርጉን ልብስ እንዳለ ወደ ቢሮ ይዞ መምጣት ነው። ብዙ ሰው ኪልትን የሚያውቀው በኪራይ ልብስ መልክ ነውና፣ አጭሩና በብር አዝራሮች ያጌጠው «ፕሪንስ ቻርሊ» የተባለው ኮት፣ ፓፒዮኑና ከፊት የሚንጠለጠለው ስፖራን የተባለ ባለጸጉር ቦርሳ የኪልቱ የማይነጣጠሉ አካላት ይመስሉታል። እነዚህ ሁሉ የምሽት ግብዣ ልብሶች ናቸው፤ ጠዋት በሦስት ሰዓት በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ሲታዩ ባለቤታቸውን ከድግስ ሳይመለስ ያደረ ያስመስሉታል። ለሥራ የሚስማማው «አርጋይል» የሚባለው ቀለል ያለ ኮት ወይም ትዊድ ከተባለ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ የተሰፋ ኮት፣ ተራ ከረባት፣ ጌጥ ያልበዛበት የቆዳ ስፖራንና በየቀኑ የሚደረግ ጥቁር ወይም ቡናማ የቆዳ ጫማ ነው። ማሰሪያው ቁርጭምጭሚት ላይ የሚጠመጠመውን ጊሊ ብሮግ ጫማም ለበዓል ማቆየት ይሻላል። ሰደርያ የሚለብስ ሰው ቀበቶ አይጨምርም፤ ሁለቱ በአንድነት ሲደረጉ ሰደርያው ከዘለበቱ በላይ ተቆልምሞ ይቀመጣልና።

ካልሲ ውስጥ የሚሰካው ስኪን ዱ የተባለ ትንሽ ቢላም የዚሁ ስህተት አካል ነው። የብሪታንያ ሕግ በአደባባይ ስለት መያዝን ሲከለክል የብሔራዊ አለባበስ ክፍል ሆኖ ለሚያዝ ስለት የተለየ አንቀጽ አለው። ይሁንና ያ አንቀጽ በፍርድ ቤት በር ላይ ካለው የፍተሻ ሠራተኛ ጋር ከመከራከር አያድንም፣ በአውሮፕላን መንገደኞች ክፍል ውስጥም ይዞ አያስገባም። ለሥራ ጉዳይ የሚወጣ ሰው ቢላውን ቤቱ ቢተወው የሚቀርበት ነገር የለም።

ሁለተኛው ስህተት ልኩን የሚመለከት ሲሆን፣ በእኔ አስተያየት ከሌሎቹ ይልቅ ልብሱን የሚያበላሸው እሱ ነው። ሱሪ በዛሬው አለባበስ ዳሌ አካባቢ ይቀመጣል፤ ኪልት ግን እምብርት አካባቢ ይታሰራል። ስለዚህ የሱሪውን ቁጥር ለልብስ ሰፊው የሚነግር ሰው፣ ወይ የሚንሸራተትና ጠርዙ ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ ወይ ሆዱን አላስተነፍስ የሚል ልብስ ይረከባል። ትክክለኛው መንገድ በሜትር እምብርት ላይ አንድ ጊዜ፣ የዳሌው ሰፊ ክፍል ላይ ሌላ ጊዜ ማስለካት፣ ከዚያም ከወገብ እስከ ጉልበት ሎሚ መካከል ያለውን ርዝመት ቀጥ ብሎ ቆሞ መውሰድ ነው። ርዝመቱን ጎንበስ ብሎ በራስ መለካት አይቻልም፤ ጎንበስ ሲባል ወገቡ ይንቀሳቀሳልና ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ከጉልበት ሎሚ በታች የወረደ ኪልት ከባድና የተጣለ መስሎ ይታያል፤ ከሚገባው በላይ የረዘሙ ኪልቶች የሚገኙትም በዚህ የአለካክ ስህተት ምክንያት ነው።

ሙሉ ኪልት ስምንት ያርድ፣ ማለትም ከሰባት ሜትር በላይ ጨርቅ ይፈጃል፤ ከዚህ አብዛኛው የሚገባው ከኋላ ባለው ሽንሽን ውስጥ ነው። ሽንሽኑ በኋላ፣ ዝርግ ሆኖ የሚደረበው ክፍል በፊት፣ የላይኛው ድራብ ክፍት ጠርዝም በለባሹ ቀኝ በኩል ይሆናል። ገልብጦ መልበስ አለ ቢባል የማያምን ሊኖር ይችላል፤ አለ። በርካሽ ስስ ጨርቅ የተሰፋውም ነፋስ ባገኘ ቁጥር ይነሣል፤ ያርዱ 13 ወይም 16 አውንስ የሚመዝነው የሱፍ ጨርቅ ግን በራሱ ክብደት ወርዶ ይቀመጣል። በድራቡ ጠርዝ ላይ የሚሰካው መርፌም የሚሰካው የላይኛውን ድራብ ብቻ ይዞ ነው። ሁለቱንም ድራብ አያይዞ የሚሰካ ሰው ሲቀመጥ ጨርቁ ይሳባል፣ አንድ ቀንም ይቀደዳል።

ስለ ጨርቁ ንድፍ የሚጨነቁ የውጭ አገር ሰዎች አሉ። ታርታን የተባለውን የአንድ ጎሣ መለያ ባለመስመር ንድፍ ከዚያ ጎሣ ውጭ ያለ ሰው እንዳይለብስ የሚከለክል ሕግ የለም፤ ሆኖም የማያውቁትን የቤተሰብ ስም በየቀኑ ማብራራት አሰልቺ ስለሚሆን፣ ለቢሮ አንድ ወጥ ግራጫ፣ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ትዊድ መምረጥ ጥያቄውን ከመነሻው ያስቀራል።

ሦስተኛው ስህተት የሚታየው ሲቀመጡና ደረጃ ሲወጡ ነው። ዕድሜውን በሙሉ በሱሪ የኖረ ወንድ አቀማመጡን አስቦበት አያውቅም። በኪልት ከመቀመጥ በፊት በእጅ መዳፍ ሽንሽኑን ከኋላ ጠረግ አድርጎ ማስተካከል፣ ከተቀመጡ በኋላም ጉልበት አለማራራቅና ስፖራኑን በመሐል ማሳረፍ ያስፈልጋል። ከፍ ባለ መድረክ ላይ ለውይይት ወንበር የሚሰጠው ሰውማ ይህንን አስቀድሞ በቤቱ ቢለማመደው ይሻለዋል። ከሥር ምን እንደሚለበስ የሚጠይቀው ያረጀ ቀልድ በቢሮም ይከተላል፤ ስህተቱ ቀልዱን በቀልድ መመለስ ነው፣ ምክንያቱም በሥራ ቦታ የሰውን የውስጥ ልብስ መጠየቅ ሴትን ቢሆን ኖሮ ወዲያው ነውር የሚባል ነው። «እንደ ማንኛውም ሰው» ብሎ ወደ ሥራ መመለስ ይበቃል፤ በእርግጥም የውስጥ ሱሪ መልበስ ይገባል።

ሱሉን፣ ኪልትንና ሽርጥን አንድ አድርጎ ማየትም ስህተት ነው። በአፋርና በሶማሌ ክልል ወንዶች ሽርጥ ሲያገለድሙ ያየ አንባቢ ሱሉ ቫካታጋንም እንደዚያ ተጠምጥሞ የሚታሰር አድርጎ ሊያስበው ይችላል። ሱሉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቶንጋ በመጡ ሚሲዮናውያን አማካይነት ወደ ፊጂ የገባ ሲሆን፣ መልበሱም በዚያ ዘመን ክርስትና የመቀበል ምልክት ነበር። የቢሮው ሱሉ ግን ወገብ፣ ዘለበትና ኪስ ያለው፣ በልክ የተሰፋ ልብስ ነው፤ «ቫካታጋ» የሚለው ቃልም «ባለኪስ» እንደ ማለት ነው። አበባ የታተመበት ሱሉ ለቤትና ለባሕር ዳርቻ ነው፤ ለቢሮ የሚሆነው አንድ ወጥ ቀለም ያለው ነው። ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠው ደግሞ የፖሊስና የወታደር የክብር ልብስ ስለሆነ ሌላ ሰው ሊለብሰው አይገባም። በቶንጋ ቱፔኑ የሚባለው ጉርድ ላይ ታኦቫላ የተባለ የተሸመነ ምንጣፍ ወገብ ላይ ይታሰርበታል፤ ለክብር በሚፈለግበት ስፍራ ያለ ታኦቫላ መቅረብ እንደ ንቀት ይታያል። ኪልት በአንጻሩ ኪስ ስለሌለው ኪሱ ስፖራኑ ነው፤ ስልክ፣ ቁልፍና የኪስ ቦርሳ ታጭቆበት ሆድ ላይ ሲያብጥ ግን የለባሹ ቁመና ሁሉ ይበላሻል።

የመጨረሻው ስህተት የሥራ ልብስንና ተቃውሞን ማደባለቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በጋ በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም የሮስላግስባናን ባቡር ሹፌሮች ቁምጣ ስለተከለከሉ ጉርድ ቀሚስ ለብሰው ሥራ ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የፈረንሳይዋ ናንት ከተማ አውቶቡስ ሹፌሮችም ሙቀቱ ሲበረታ ይህንኑ አደረጉ። እነዚህ ሰዎች የፈለጉት ቁምጣ ነበር፤ ጉርዱ መከራከሪያ ሆኖ አገለገላቸው። ጉርድን የዘወትር ልብስ ሊያደርግ የሚፈልግ ሰው ግን እንደ ተቃዋሚ መታየት አይበጀውምና፣ የመሥሪያ ቤቱን የአለባበስ ደንብ አስቀድሞ ማንበብና ሐሳቡን ለአለቃው መናገር አለበት።

ደንብ የሚያወጡትም ይሳሳታሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በሕንድ ታሚል ናዱ ግዛት አንድ ዳኛ ቬሽቲ፣ ማለትም የአካባቢው ወንዶች ወገባቸው ላይ የሚያገለድሙትን ነጭ ጨርቅ፣ ለብሰው ወደ አንድ የክሪኬት ክበብ ሲሄዱ ከበር ተመለሱ፤ ግዛቲቱም በዚያው ዓመት እንዲህ ያለውን ክልከላ የሚያስቀር ሕግ አወጣች። «ወንድ ሱሪ ይለብሳል» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ ልብሱ ንጹሕ፣ በልክ የተሰፋና ለሥራው የሚመች ይሁን ብሎ መደንገግ ይህን ሁሉ ያስቀረው ነበር።

አንድ ትንሽ ነገር ስለ አያያዙ ልጨምር። ኪልት በልብስ ማጠቢያ ማሽን አይታጠብም፤ ከለበሱት በኋላ በብሩሽ ጠርጎ ከወገቡ ይዞ መስቀል አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል። ካውያ ሲያስፈልገው ሽንሽኖቹ አስቀድሞ በረጅም ቀላል ክር እስከ ታች ድረስ ተያይዘው ይሰፋሉ፣ ከተተኮሰም በኋላ ክሩ ይመዘዛል፤ ኪልት አይቶ ለማያውቅ ላውንደሪ ሲሰጡም ክሩን ራሳቸው ሰፍተው ቢወስዱ ይሻላል።