የልጅ ጆሮ ሲመግል፦ መቼ ቤት ይደረቃል፣ መቼ ሆስፒታል ይሮጣል

ሌሊቱን ጆሮውን እየጎተተ ሲያለቅስ ያደረ ሕፃን፣ ጠዋት መግል ወጥቶለት ጸጥ ሲል ቤተሰቡ «ፈነዳለት፣ ተገላገለ» ይላል። ሕመሙ የቀለለው ግን መግሉ የጆሮውን ታምቡር ቀዶ ስለወጣ ነው፤ ኢንፌክሽኑ እዚያው አለ። መግሉ የታየበትን ቀን ያዙ። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ስንት ቀኑ እንደሆነ ትጠየቃላችሁ፤ ከ14 ቀን በታች የሆነውና 14 ቀንና ከዚያ በላይ የቆየው ሕክምናቸው አንድ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ግን የጆሮውን ጀርባ እዩ። ልጁን እናቱ ጭን ላይ አስቀምጡት፤ ፊቱን ወደ እናቱ፣ ጀርባውን በር ላይ ወዳለው ብርሃን አድርጉ። ሻሽ ወይም ኮፍያ ካለው አውልቁለት። ሁለቱን ጆሮዎች ከኋላ ስታስተያዩ አንዱ ወደ ፊትና ወደ ታች ተገፍቷል? ከጆሮው ጀርባ ያለው ስርጉድ ሞልቶ ቀልቷል? ቀጥሎ በሁለት አውራ ጣቶቻችሁ ሁለቱንም አጥንቶች በአንድ ጊዜ ቀስ ብላችሁ ተጫኑ። አንዱ ወገን ሞቅ ብሎ ካበጠና ልጁ ሲነካ ከጮኸ፣ መግሉ ወደ አጥንቱ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ዓመት ባልሞላው ሕፃን እብጠቱ ከጆሮው በላይ ሊወጣም ይችላል። ራሱ ላይ ቁስል ያለበት ልጅ እዚያው አካባቢ የሚንሸራተት ንፍፊት ሊኖረው ይችላል፤ ለይቶ መናገር ግን የባለሙያ ሥራ ነው።

እብጠት ካለ ነገን አትጠብቁ። ጤና ጣቢያው የመጀመሪያውን የሴፍትራያክሶን መርፌና ለሕመሙ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ሪፈር ይጽፋል፤ ከምሥራቅ ጎጃም ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ ከሌላው የጎጃም አካባቢ ደግሞ ባሕር ዳር ወዳሉት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች። መንገድ ላይ ጡት ማጥባት አይቋረጥ። ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒቱ በደም ሥር ይቀጥላል፤ በ48 ሰዓት ለውጥ ከሌለ ወይም ከባሰበት መግሉ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። እብጠቱን በምላጭ ማስበጣት በፍጹም አይሞከርም።

እብጠት ባይኖርም በዚያው ቀን ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች አሉ፦ መንቀጥቀጥ፣ የአንገት መገተር፣ የእርግብግቢት ማበጥ፣ ሲቀሰቅሱት አለመንቃት፣ የበላውን ሁሉ ማስመለስ፣ መጥባት አለመቻል። ሲያለቅስ አፉ ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ ወይም አንድ ዓይኑ አልከደን ካለ የፊቱ ነርቭ ተነክቷል። በእግሩ ይሄድ የነበረ ልጅ መንገዳገድ ከጀመረም እንዲሁ።

ከነዚህ አንዱም ከሌለና መግሉ 14 ቀን ካልሞላው ጤና ጣቢያው አሞክሳሲሊን ያዝዛል። በውኃ የሚሟሟው ባለ 250 ሚሊግራም ፍሬ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ 1፣ እስከ 3 ዓመት 2፣ እስከ 5 ዓመት 3 ሆኖ በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ቀን ይሰጣል። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ በረደ ብሎ ማቆም የተለመደ ነው፤ የሚያገረሽበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በ5ኛው ቀን ልጁን መልሳችሁ አሳዩ።

መግል ያለው ጆሮ ሁሉ በቀን ቢያንስ 3 ጊዜ ይደረቃል። እርጥበት የሚመጥ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ለምሳሌ ታጥቦ የተቀቀለና የደረቀ አሮጌ ነጠላ፣ እንደ ኩራዝ ክር ጠምዝዙ። ጆሮውን ወደ ኋላና ወደ ታች ሳብ አድርጋችሁ ጫፉን አስገቡ፤ ሲርስ አውጥታችሁ ጣሉ፤ በአዲስ ተኩ። ጨርቁ ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ ይደጋገማል። ክብሪት፣ ላባ ወይም የጆሮ መጥረጊያ እንጨት አይገባም፤ ታምቡሩን የባሰ ይቀዳል። ከደረቀ በኋላ ጥጥ ወትፎ መተው መግሉን ማፈን ነው።

14 ቀን ያለፈው ጆሮ በአብዛኛው የሚፈልገው የሚዋጥ መድኃኒት ሳይሆን ይህን ማድረቅና እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ ጠብታ ለ2 ሳምንት ነው። ሳይደረቅ የተጨመረ ጠብታ መግሉ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። በጮቄ ተራራ ዙሪያ ባለው ብርድ ጠርሙሱን መጀመሪያ በመዳፍ አሙቁት፤ ቀዝቃዛ ጠብታ ልጁን ያዞረዋል። ጨምራችሁ ለጥቂት ደቂቃ በጎኑ አስተኙት። መድኃኒት ቤት ስትገዙ «ታምቡሩ ተቀዷል» በሉ፤ እንደ ጄንታማይሲን ያለው ጠብታ በቀዳዳው ገብቶ መስሚያውን ሊጎዳ ይችላል። ቅቤ፣ ዘይት፣ የጤና አዳም ጭማቂና የጡት ወተትም በዚያው ቀዳዳ ስለሚገቡ ይቅሩ። እንጥል ማስቆረጥ ለጆሮ የሚፈይደው ነገር የለም፤ ትርፉ ደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ነው።

ጠበል የሚጠመቅ ወይም ገላውን የሚታጠብ ልጅ ቫዝሊን በተቀባ ጥጥ ጆሮው ይሸፈን፤ ሲጨርስ ጥጡ ይወጣል።

ሲደርቅ ቆይቶም ክፉ ሽታ ያለው መግል የሚያመጣ ጆሮ ከአንገት በላይ ሐኪም ይየው፤ ውስጡ አጥንት የሚበላ ቆዳ እያደገ ሊሆን ይችላል፣ እሱም በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። መግሉ ከቆመ በኋላ ከልጁ ኋላ ቆማችሁ በዝግታ ስሙን ጥሩ። ታምቡሩ ጀርባ የቀረ ፈሳሽ ለጥቂት ሳምንታት ቢያደነቁረው ያለ ነው፤ 3 ወር አልፎም ካልዞረ ወይም አፍ መፍታቱ ከዘገየ ለዚያው ሐኪም ሪፈር ጠይቁ።