ጎመኑ ማዳበሪያ እየበላ ለምን ቀጨጨ?

ዳባት፣ ደባርቅ፣ ወገራ... ደጋው ላይ ቀይ አፈር ያለው አትክልተኛ ይቺን ነገር ያውቃታል። ማዳበሪያው ተጨምሯል፣ ውሃ አልጎደለም፣ ጥቅል ጎመኑ ግን ፍንክች አይልም።

ምልክት፦ ቅጠሉ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ሄዷል፣ ተክሉ ቀጭጯል

አንዱን ከነአፈሩ ነቅላችሁ ሥሩን እጠቡት። አጭርና ወፍራም ነው? ጫፉ ጠቁሯል? ቀጫጭኑ ሥር የለም? እንግዲያው የአፈሩን ኮምጣጣነት ጠርጥሩ። ሥሩ ነጭና ጸጉራም ከሆነ ግን ብርድ ሊሆን ይችላል፤ የኅዳር ሌሊትም ቅጠል ያቀላል።

ምክንያቱ፦ ዝናቡ ለዘመናት ካልሲየምና ማግኒዚየሙን አጥቦ ወስዷል። ዩሪያም የራሱን ኮምጣጣነት ይጨምራል። ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ዝቅ ሲል አፈሩ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፣ ፎስፈረሱንም አንቆ ይይዛል። እዚህ ላይ ማዳበሪያ መደራረብ ገንዘብ መጣል ነው።

መፍትሄው የግብርና ኖራ ነው፤ መጀመሪያ ግን አፈሩ ይመርመር። ከተለያየ ቦታ እስከ 20 ሳ.ሜ. ቆፍራችሁ አደባልቁና ለግብርና ባለሙያ ስጡ። በሄክታር 3 ቶን ከታዘዘላችሁ ለ10 ካሬ ሜትር መደብ 3 ኪሎ ማለት ነው። ከመትከላችሁ አንድ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ በትኑትና ከአፈሩ ጋር በደንብ አዋህዱት። ላይ ላዩን የተነሰነሰ ኖራ ብዙ አይረዳም። እርጥበትም ይፈልጋል፤ በበጋ ከሆነ መደቡን አጠጡት።

ጀሶ ነጭ ስለሆነ ኖራ እንዳይመስላችሁ። ካልሲየም አለው፣ ኮምጣጣነቱን ግን አያነሳም።

ኖራ ካጣችሁ የምድጃ አመድ ይረዳል፣ ተነፍቶ፣ በስሱ። ከዩሪያ ወይም ከትኩስ ፍግ ጋር ግን አታደባልቁት። አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ ናይትሮጅኑ እየበነነ ነው። ፍጉ በስብሶ ይግባ፤ አሉሚኒየሙንም ያለዝባል። ችግሩ ደጋው ላይ እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ማለቁ ነው።

ምልክት፦ ጎመኑ ቀን ይጠወልጋል፣ ሥሩ አብጦ ተጣሟል

ይሄ በሽታ ነው፣ ኮምጣጣ አፈር ይመቸዋል። ኖራ ያዳክመዋል እንጂ አያጠፋውም። ያበጠውን ሥር ነቅላችሁ አቃጥሉ፤ እዚያ መደብ ላይ ለዓመታት ጎመንም ሆነ የጎመን ዘመድ የሆነ ተክል አትትከሉ።

ምልክት፦ ዋልካ ላይ ክረምት ሲገባ ሁሉም ይቢጫል

ኖራ አትግዙ። ውሃ ተኝቶበት ነው። መደቡን ከፍ አድርጉ፣ ቦይ አውጡለት።

ድንች የምትተክሉበትን መደብ ደግሞ በዚያው ዓመት ኖራ አታብዙበት፤ ልጡ ቅርፊት ያወጣል።