ወላጅ ያጣ የዳክዬ እንቁላል በቤት ኢንኩቤተር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

እናቲቱን ውሻ በልቷት ወይም ጎርፍ ከጎጆዋ አባሯት የቀረ የዳክዬ እንቁላል በቤት ኢንኩቤተር (እንቁላል አሙቆ በሚፈለፍል ማሽን) ሊፈለፈል ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እንደ ዶሮ እንቁላል ስለሚያዝ ነው። የዶሮ 21 ቀን ይፈጃል፤ የተለመደችው የቤት ዳክዬ 28 ቀን፣ ፊቷ ላይ ቀይ ሥጋ ያላት ሙስኮቪ ደግሞ 35 ቀን ገደማ። ከዚህ በታች ያለው የቀን ቁጥር ሁሉ የ28 ቀኑን ይከተላል፤ ለሙስኮቪ የመጨረሻዎቹን ቀናት አንድ ሳምንት ወደፊት ይግፏቸው።

ጎጆው ላይ ዳክዬ የለችም፣ እንቁላሉም ቀዝቅዟል

ይህ ብቻውን ተጥሏል አያሰኝም። ዳክዬ በቀን አንድ አንድ እየጣለች ትቆይና ቁጥሩ ሲሞላላት ነው የምትታቀፈው። እስከዚያ እንቁላሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ሕይወቱ ግን አለ። ከታቀፈች በኋላም ለመብላትና ለመታጠብ ትነሳለች። ራቅ ብለው ግማሽ ቀን ይጠብቁ። እዚህ ጅማ በቦዬ ረግረግ ወይም በአዌቱ ወንዝ ዳር ያገኙት የዱር ዳክዬ ጎጆ ከሆነ ባይነኩት ይሻላል። የቤት ዳክዬ ሆና ሌሊቱን ሙሉ ካልተመለሰች፣ ወይም ሞታ ከተገኘች ያንሱት።

ጎረቤት የታቀፈች ዶሮ ካለች ከማንኛውም ማሽን ትበልጣለች። አምስት ወይም ስድስት የዳክዬ እንቁላል ትችላለች። ክብደቱ ስለሚያስቸግራት ግን ማገላበጡን በእጅ ያግዟት።

በባጃጅ ሲያመጡ ሰፊውን ጫፍ ወደ ላይ አድርገው በጨርቅ መሐል ያስቀምጡ። እንቁላሉ ቀዝቃዛ ከነበረ ወዲያው ወደ ሙቀት አያስገቡት፤ ክፍል ውስጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይረፍ። አለበለዚያ ቅርፊቱ ላይ ላብ ይወጣና ባክቴሪያ በቀዳዳዎቹ ይገባል። ሞቆ የተገኘና ሽል የያዘ ከሆነ ደግሞ ሳይዘገይ በቀጥታ ይግባ።

ጭቃ የያዘውን በደረቅ ሻካራ ጨርቅ ያራግፉት። በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ከጭቃው የባሰ ነው። እንቁላሉ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይኮማተርና በላዩ ያለውን ቆሻሻ በቅርፊቱ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይስበዋል። የግድ መታጠብ ካለበት ውሃው ከእንቁላሉ የሞቀ፣ 40 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ ሳይዘፈዘፍ ቶሎ ታጥቦ ይድረቅ።

መለኪያው ትክክል ነው ይላል፣ የሚወጣ ግን የለም

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቴርሞሜትሩ ነው። ፋን ላለው ኢንኩቤተር 37.5 ዲግሪ፣ ፋን ለሌለው በእንቁላሉ አናት ከፍታ ላይ ሲለካ 38.3 ዲግሪ ያስፈልጋል። የአንድ ዲግሪ ስህተት በ28 ቀን ውስጥ ብዙውን ሊያጠፋ ይችላል። ብዙ ሰው ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ ይፈትንና 100 አለማለቱን ሲያይ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። ጅማ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሚያስተማምነው የተፈጨ በረዶና ጥቂት ውሃ ነው፤ እዚያ ውስጥ 0 ማለት አለበት። ከዚያም ከፋርማሲ የተገዛ ዲጂታል የትኩሳት መለኪያና የኢንኩቤተሩን ቴርሞሜትር ጫፍ ለጫፍ አስጠግተው 38 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ ውስጥ ያነጻጽሩ። ልዩነቱን ኢንኩቤተሩ ላይ በወረቀት ይለጥፉ።

የእርጥበት መለኪያውንም በጨው ይፈትኑት። በጠርሙስ ክዳን ጨው ያድርጉና ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምረው ያርሱት፤ ሳይሟሟ ጭቃ ይምሰል። ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ፌስታል አስረው ከ8 እስከ 12 ሰዓት ሲቆይ 75 በመቶ ማሳየት አለበት። 68 ካለ 7 እየደመሩ ያንብቡ።

ኢንኩቤተሩን በአምፖል የሠራ ሰው አምፖሉን ይመልከት፤ ኤልኢዲ ይበራል እንጂ አያሞቅም። ሙቀት የሚሰጠው ተራው አምፖል ነው።

በ7ኛው ቀን በብርሃን ሲታይ ባዶ ነው

ክፍሉን አጨልመው የስልክዎን መብራት በሰፊው ጫፍ ላይ ያስጠጉ። ደህና ከሆነ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ ከነጥቡ ደግሞ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀይ የደም ሥሮች ያያሉ፤ ነጥቡ ይንቀሳቀሳል። ወጥ ቢጫ ብርሃን ብቻ ከታየ ወንድ ያላገኘው ወይም ገና ከጅምሩ የሞተ ነው። ሥሮቹ ጠፍተው አስኳሉ ዙሪያ ቀይ ቀለበት ብቻ ከቀረ ሽሉ ተጀምሮ ሞቷል። የዚህ ዋና መንስኤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሙቀቱ ከፍና ዝቅ ማለቱ፣ በመንገድ መናወጡ ወይም እንቁላሉ ከመግባቱ በፊት ለረጅም ጊዜ መቀመጡ ነው፤ ከሳምንት በላይ የቆየ እንቁላል ዕድሉ በየቀኑ ይቀንሳል። አጠራጣሪውን ግን አይጣሉ። ወላጅ ያጣ እንቁላል ስንተኛ ቀኑ ላይ እንደሆነ አይታወቅምና እስከ 10ኛው ቀን ድረስ ይቆይ። ግማሹ ጠቁሮ ካገኙት ወደ 14ኛው ቀን፣ ሰፊው ጫፍ ላይ ካለው ባዶ የአየር ኪስ በቀር ሁሉም ጠቁሮ ከሆነ ወደ መጨረሻው ሳምንት ደርሷል። ቀኑን ከዚያ ተነስተው ይቁጠሩ።

ማሽኑ የሚገላብጥልዎ ቢሆንም የዶሮ ትሪ ለዳክዬ ጠባብ ስለሆነ እንቁላሉ ሳይዞር ሊቀር ይችላል። በእርሳስ በአንዱ ጎን "ሀ"፣ በሌላው "ለ" ይጻፉና በቀን 3 ወይም 5 ጊዜ በእጅ ያዙሩ። ቁጥሩ ጎደሎ ሲሆን ሌሊቱን የሚያሳልፍበት ጎን በየቀኑ ይቀያየራል። ካልተገላበጠ ሽሉ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል።

ሽታ፣ ላብ የመሰለ ጠብታ ወይም ፈሳሽ

ለአንድ ሰዓት እንኳ አያቆዩት። ውስጡ ጋዝ የሞላ የዳክዬ እንቁላል ይፈነዳል፤ የፈነዳው ደግሞ ሌሎቹን ሁሉ ይበክላል። በፌስታል ቀስ ብለው ይያዙት፣ አያናውጡት፣ ደጅ ያውጡት። ፈሳሽ የነካውን ሥፍራ ያጽዱ፣ እጅዎንም ይታጠቡ። እንቁላሎቹን በየሁለት ቀኑ አንድ በአንድ ወደ አፍንጫ ማስጠጋት ከሁሉ ቀድሞ ያስጠነቅቃል።

የአየር ኪሱ በጣም ትንሽ ወይም በጣም ትልቅ ነው

በመጨረሻው ሳምንት ለሚሞተው አብዛኛው ጫጩት ምክንያቱ እዚህ ላይ ነው። እንቁላል እስከ 25ኛው ቀን ከክብደቱ 13 በመቶ ያህል ውሃ ማጣት አለበት። በዚያ መጠን ሲደርቅ ሰፊው ጫፍ ላይ ያለው የአየር ኪስ ያድጋል፤ ጫጩቱም የመጀመሪያ ትንፋሹን የሚወስደው ከዚያ ነው።

ወጥ ቤት ባለው ዲጂታል ሚዛን ይመዝኑ። 10 እንቁላል በአንድነት 800 ግራም ከነበረ በ7ኛው ቀን ወደ 771፣ በ14ኛው ወደ 742፣ በ25ኛው ወደ 696 ግራም መውረድ አለበት። እያንዳንዱን የአየር ኪስ ጠርዝ በእርሳስ ማስመርም ጥሩ ነው፤ መስመሩ ከሳምንት ወደ ሳምንት ሲወርድ በዓይን ይታያል።

ክብደቱ ዘግይቶ የሚወርድ ከሆነ እርጥበቱ በዝቷል። ጅማ ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ የማሽኑን መመሪያ ብቻ ተከትሎ ውሃ መሙላት ጫጩቱን በገዛ ፈሳሹ ያሰምጠዋል። ውሃውን ያውጡ፣ የአየር ቀዳዳውን ይክፈቱ፣ በሦስት ቀን እንደገና ይመዝኑ። ፈጥኖ የሚወርድ ከሆነ ደርቋል። በከፍታ ቦታ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ እንቁላል ከቆላው ይልቅ ቶሎ ይደርቃል፤ ይህ በተለይ በህዳርና በታኅሣሥ ይታያል። እርጥበቱን የሚጨምረው የውሃው ስፋት እንጂ ጥልቀቱ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። እስከ አፉ የሞላ የቡና ስኒ ከሚሰጠው ይልቅ ጣት የማይሸፍን ውሃ የያዘ ሰፊ ሰሃን ብዙ ይሰጣል። መነሻው 55 በመቶ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሚዛኑን ይመኑ።

ከ10ኛው እስከ 24ኛው ቀን በቀን አንዴ ክዳኑን ከፍተው ለ10 ደቂቃ ማናፈስና ለብ ያለ ውሃ በጭጋግ መልክ መርጨት ይቻላል፤ እናቲቱም እርጥብ ላባዋን ይዛ ትመለሳለች። ክፍሉ በጣም ከቀዘቀዘ ወደ 5 ደቂቃ ያሳጥሩት።

መብራት ጠፋ

ክዳኑን አይክፈቱ። ኢንኩቤተሩን በብርድ ልብስ ይሸፍኑ፤ የአየር ቀዳዳው ግን ክፍት ይሁን። ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ 45 ዲግሪ ያህል ውሃ የያዙ የሃይላንድ ጠርሙሶችን በጨርቅ ጠቅልለው እንቁላሉን ሳይነኩ ዙሪያውን ይደርድሩ። ለጥቂት ሰዓት መቀዝቀዝ ብዙውን አይገድልም፣ መፈልፈሉን ያዘገየዋል እንጂ። የሚገድለው ሙቀት ነው፤ 40 ዲግሪን ካለፈ ጊዜ አይሰጥም። በመጨረሻው ሳምንት ሽሎቹ ራሳቸው ሙቀት ያመነጫሉና ያኔ ከልክ በላይ አያሙቋቸው። መብራት ሲመለስ ኃይሉ ቴርሞስታቱን (የሙቀት መቆጣጠሪያውን) እንዳያቃጥለው ሶኬቱን ነቅለው ጥቂት ይጠብቁ፤ በዲቫይደር ብቻ ከመመካት ስታብላይዘር ይግዙ።

28ኛው ቀን አለፈ፣ ምንም የለም

በ25ኛው ቀን ማገላበጥ ይቁም፣ እንቁላሉ በጎኑ ይተኛ፣ እርጥበቱ 70 በመቶ ይድረስ፣ የአየር ቀዳዳው ሰፋ ይበል። የማሽኑ መስኮት ላይ ውሃ እስኪንቆረቆር መሙላት ግን ከልክ ያለፈ ነው። ሙቀቱ ግማሽ ዲግሪ ዝቅ ብሎ ከነበረ እስከ 30ኛው ቀን መዘግየቱ የተለመደ ነው። በብርሃን ሲያዩ የአየር ኪሱ ጠርዝ ከአንድ ጎን ዘንበል ብሎ ከወረደ ጫጩቱ እየተዘጋጀ ነው፤ ኪሱ ውስጥ የምንቃር ጥላ ከታየ፣ ጆሮ ሲያስጠጉም ሲጮህ ከተሰማ የውስጡን ሽፋን በስቷል። ከዚያ ቅርፊቱን እስኪሰብር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይወስዳል። 24 ሰዓት አልፎት ድምፁ ከደከመ በአየር ኪሱ አናት ላይ፣ በእሳት በተጠረገ መርፌ 2 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይብሱለት። ለመተንፈስ ይበቃዋል።

ቅርፊቱን ሰበረ፣ ግን ቆመ

የሰው እጅ ብዙ ጫጩት የሚገድለው እዚህ ነው። ቅርፊቱን ከሰበረ በኋላ ዳክዬ እስከ 36 ሰዓት ሊያርፍ ይችላል። በዚያ ጊዜ ሽፋኑ ላይ ያለውን ደምና ሆዱ ሥር ያለውን አስኳል ወደ ሰውነቱ ይስባል። አፉን እንደሚያኝክ ከፈተ ዘጋ የሚያደርግ ከሆነ ሥራው አላለቀምና ይተዉት።

24 ሰዓት አልፎ ቀዳዳው ካልሰፋና ሽፋኑ እንደ ወረቀት ነጥቶ ወይም እንደ ቆዳ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ተጣብቆበታል፤ እርጥበቱ ሲያንስ ወይም ክዳኑ በየደቂቃው ሲከፈት ይህ ይደርሳል። ፈልቶ ለብ ያለ ውሃ በጥጥ ነክረው ሽፋኑን ያርሱ፤ አፍንጫው አጠገብ ጠብታ አይድረስ። ሽፋኑ ሲርስ ውስጡን ገልጦ ያሳያል። ቀይ ሥር ከታየ ያቁሙ፣ ወደ ኢንኩቤተሩ ይመልሱ፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቆይተው እንደገና ይዩ። ሥሩ ከጠፋ በወረንጦ ቅርፊቱን 3 ሚሊሜትር እያነሱ በአየር ኪሱ መስመር ዙሪያ ብቻ ይክፈቱ። ከደማ በንጹህ ጨርቅ ጫን አድርገው ይያዙና ይተዉት። ጭንቅላቱ ነጻ ከወጣ በቂ ነው፤ የታችኛውን ግማሽ ራሱ ይግፋው፤ ከጎተቱት ያልገባ አስኳል ይቀደዳል።

በሹሉ ጫፍ የሰበረ ጫጩት የተገለበጠ ነው፤ ጭንቅላቱ ከአየር ኪሱ ስለራቀ ቶሎ ይደክማል። እሱን በቅርብ ይከታተሉ፤ ምንቃሩ አጠገብ ያለውን ቀዳዳ ብቻ ያስፉለት።

ወጣ፣ ግን እግሩ ይከፈታል፣ እምብርቱም እርጥብ ነው

ጋዜጣ ወይም ፕላስቲክ ላይ የቆመ ጫጩት እግሩ ይንሸራተትና ተከፍቶ ይቀራል። ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ሻካራ ፎጣ ያንጥፉ። የተከፈተውን ሁለቱን እግሮች በመሐል 2 ሳንቲሜትር ያህል ክፍተት ትተው በለስላሳ ፕላስተር ያያይዙ፤ በ2 ወይም 3 ቀን ይስተካከላል። እምብርቱ ካልተዘጋ በንጹህ እርጥብ ጨርቅ ላይ ኢንኩቤተሩ ውስጥ ይቆይ፣ አይነካካ።

ሌሎቹ ደርቀው ላባቸው ሲነፋ ወደ 32 ዲግሪ ሙቀት ይውጡ፤ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ይቀንሱላቸው። ውሃቸው ምንቃራቸውንና አፍንጫቸውን የሚያጠልቁበት ጥልቀት ይኑረው፣ ሰውነታቸው ግን አይግባበት። እናት ያሳደገችው ጫጩት ከእሷ ላባ ቅባት ያገኛል፤ ወላጅ ያጣው ግን የለውም፣ ላባው ውሃ ጠጥቶ ይበርደዋልና ላባ እስኪያወጣ አይዋኝ። የጫጩት መኖ ሲሰጧቸው በአንድ ኪሎ መኖ 5 የሾርባ ማንኪያ ያህል የቢራ እርሾ ይቀላቅሉ፤ ዳክዬ ከዶሮ የበለጠ ናያሲን የተባለውን ቫይታሚን ስለሚፈልግ ያለዚያ እግሩ ይጎብጣል።